ተቀናሽ የተባለው ቃልና የአቶ ደስታ ዓይን

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል የነበሩት እነዚህ ናቸው። ዶክተር ኢዮብ የምርመራ ክፍሎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ እጆቻቸው እንደ ልማዳቸው ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ናቸው። ሚስ ሎሬታ ቴሌቪዥኑ ስር ባለው ወንበር ተቀምጣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። እሷ ከእኔ በፊት ጡረታ የወጣች ናት፤ እኔን ልትሸኝ ነው የመጣችው። የምትተካኝ ሰላም ከመስተዋቱ ጀርባ በእኔ ወንበር ተቀምጣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛለች። አቶ ደስታና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከመስተዋቱ ፊት ቆመዋል፤ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል። እኔ በበሽተኞች በኩል፣ ኬኩ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበርኩ። ክፍሉን ከዚያ በኩል ቆሜ አይቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ኬኩን የቆረሰው የለም። ሁላችንም የምንጠብቀው ሰላም የያዘችውን ስልክ ነበር። በወዲያኛው ጫፍ ሙዚቃ ይጫወታል። የኢንሹራንሱ ሰው ሲመለስ የአቶ ደስታ የቀኝ ዓይን መርፌ በአዲሱ ፕላን ይቀጥል እንደሆነ ይነግረናል። የግራው ዓይናቸው አያይም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ደሴ ነው። አትላንታ የመጣሁት በባለቤቴ ዲቪ ነው። መጀመሪያ የሠራሁት ከአትላንታ ዳር ባለችው ደንዉዲ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ በማንጠፍ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አይቸግረኝም፤ መስማቱ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን ከአቮንዴል እስቴትስ አለፍ ብሎ ያለ ክሊኒክ ለፊት ዴስክ አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልጋል ብላ ነገረችኝና ሄድኩ።

የፈተነችኝ ሚስ ሎሬታ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አትላንታ ነው፤ ዶክተር ኢዮብ ክሊኒኩን ከመግዛታቸው በፊት ጀምሮ እዚያ ሠርታለች። ፈተናው አንድ የኢንሹራንስ ካርድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ይታይሻል?»

የሰውየውን ስም፣ የኩባንያውን ስምና ቁጥሩን አነበብኩላት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ገለበጠችው። ጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ ተሞልቷል። «ፊቱን ባለቤቱም ያነበዋል» አለች። «እኔና አንቺ የምንቀጠረው ለጀርባው ነው።»

ከዚያ ስሜን ጠየቀችኝ። ወርቅነሽ የሚለው ስሜ በመታወቂያዬ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጀመሪያው «ዎርክ» ተብሎ ይነበባል። «ሥራ ነው ስምሽ?» አለች። ወርቅ ማለት ነው አልኳት። «ወርቅ ከሆንሽ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብላ ሳቀች። እስከ ዛሬ የምትጠራኝ ሚስ ዎርክ እያለች ነው።

ሥራውን ያስተማረችኝ እየሠራች ነው እንጂ ቁጭ አድርጋ አይደለም። የኢንሹራንስ ኩባንያ ደውላ ስትጠብቅ ከጓሮዋ የለቀመችውን ፒካን የሚሉትን ባለቅርፊት ፍሬ ከቦርሳዋ ታወጣለች። ሁለት ፍሬ በአንድ መዳፏ ይዛ ትጨምቃለች፤ አንዱ ሌላውን ይሰብረዋል። ዶክተሩ ድምፁን አይወዱትም። እሷ ግን «ከሙዚቃቸው ይሻላል» ትላለች። ሰው ስልኩን ሲያነሳ ፒካኑን ታስቀምጥና መጀመሪያ የሰውየውን ስም ትጠይቃለች፤ ከነፊደሉ። ስሙን የሰጠ ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚመልሰው። ኢንሹራንሱ አክቲቭ ነው ሲሏት አታመሰግንም። አክቲቭ ማለት ካርዱ አልሞተም ማለት ብቻ ነው። ቀጥላ ሐኪሙን ትቀበላላችሁ ወይ ትላለች። አዎ ሲሏት የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፦ «በየትኛው አድራሻ?» አንድ ሐኪም ሁለት ቢሮ ካለው አንዱ ቢሮ ከኩባንያው ጋር ውል ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው ከተማ አቋርጦ ተመልሷል።

ኩባንያዎች በሽተኛን አንመዘግብም እንዳይሉ የከለከለው የኢንሹራንስ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ስኳር ያለበት ሰው በራሱ ኢንሹራንስ ልግዛ ቢል የሚሸጥለት ማግኘት ከባድ ነበር። ከእኛ ሰዎች ታክሲ የሚነዳው፣ ሱቅ ያለው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው የሚመጣው ሲብስበት ነው። አቶ ደስታ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ሚድታውንና ኤርፖርት መሃል ታክሲ ይነዳሉ። የሚመጡት ውሃ ጥሙ ሲያስቸግራቸው ነው፤ ዶክተሩ ከመድኃኒት ወኪሎች ያገኙትን ናሙና ይሰጧቸዋል፣ ይሄዳሉ።

ሕጉ ሲወጣ ክፍሉ ሞላ። አሜሪካ ከመጡ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የማያውቁ ሰዎች ካርድ ይዘው መጡ። ዶክተሩ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ደም ግፊት ያገኛሉ፣ በጊዜ የተደረሰበት እባጭ ያገኛሉ። ሥራችን ግን ሌላ መልክ ያዘ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ደንብ አለው፤ ለአንድ ምርመራ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለብን። ዶክተሩ ከስልክ ሲመለሱ «እኔ ሐኪም ነኝ ወይስ ጉዳይ አስፈጻሚ?» ይላሉ።

እኔን የሳበኝ የቃላቱ ነገር ነበር። ፕላኖቹ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ ይባላሉ። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ብዬ ስተረጉም አንድ ሰውዬ «ብሩን የሚሰጡኝ በወር ነው በዓመት?» አሉኝ። ሌላዋን ሴትዮ «ይህ ሐኪም ከኔትወርክ ውጪ ነው» ስላት ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ኧረ ይሠራል እትዬ፣ ሙሉ ነው!» አለችኝ። ኔትወርክ ማለት ከኩባንያው ጋር ውል ያላቸው ሐኪሞች ናቸው ብዬ አስረዳኋት። ለሚስ ሎሬታ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሌሎቹስ ቃላት ምን እየተባሉ እየተሰሙ ነው ብዬ ግን ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ስቴቱ የፌዴራሉን ገበያ ትቶ የራሱን ከፈተ። ገበያ የምንለው ሰው ኢንሹራንሱን አወዳድሮ የሚመርጥበትን ቦታ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ነው እንጂ ድንኳን የለውም። አማርኛ የሚናገሩ ኤጀንቶች በየአዳራሹና በየግሮሰሪው ጠረጴዛ ዘርግተው ሰው መዘገቡ። በዚያ ክረምት የስንቱ ካርድ ተለወጠ። ትናንት የምንቀበለውን ሰው ዛሬ አንቀበልም፤ ያልነበረው ሰው ደግሞ ስማችን ካርዱ ላይ ታትሞለት ይመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ላይ ነበርን። ሚስ ሎሬታ ወደ ሌላ ሐኪም የላክነው ሰው ሁሉ መታከሙን ደውላ የማጣራት ልማድ ነበራት። በዚያ ክረምት ለዚያ ጊዜ አልተገኘም።

አቶ ደስታ ዓመታዊ ምርመራቸውን ያደረጉት በዚሁ ጊዜ ነው። አዲስ ካርድ ነበራቸው፤ ሚስ ሎሬታ ፊቱንም ጀርባውንም አነበበች፤ እኛን ይቀበላል። ዓመታዊ ምርመራ በሕጉ ምንም አያስከፍልም፤ ምንም ሳይጠየቁ ወጡ። «ይሄን ፕላን አገኘሁት» አሉኝ በደስታ። ዶክተሩ ስኳሩ ዓይናቸውን መንካቱን አይተው ወደ ዓይን ሐኪም ላኳቸው፤ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልጋል፣ አይዘግዩ አሏቸው። በሌላ ቀን ለደም ግፊት ሲመጡ ዶክተሩ፣ «ዓይን ሐኪሙ ጋ ሄዱ?» አሏቸው።

«ሄጃለሁ።»

ዶክተሩ መሄዳቸውን ጻፉ።

የሚቀጥለው ጊዜ ባለቤታቸው በክንዳቸው ይዘው አመጧቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚናገሩትን ቆጥበው የሚናገሩ ሴት ናቸው። «ውሃ ከብርጭቆው ውጪ ይቀዳል» አሉ። «ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ግራ ዓይናቸው ደም ፈስሶበት ነበር። ዶክተሩ መሣሪያቸውን አስቀመጡና፣ «አቶ ደስታ፣ ሄጃለሁ ብለውኝ ነበር እኮ» አሉ።

«ሄጃለሁ አልኩ እንጂ ታክሜአለሁ አላልኩም።»

«እዚያ ምን ተባሉ?»

«ልጅቷ መጀመሪያ ይሄን ያህል ይከፍላሉ ብላ ጮክ ብላ ጠራችው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ረስቼ ነው አልኳትና ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መኪና ውስጥ ገባሁ። ቦርሳዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላለም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ይሉኝታው ዓይን ከሆነልህ እናያለን።»

በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ተላኩ። የግራው አልተመለሰም። ታክሲውንም ተዉ።

ከዚያ በኋላ በክሊኒኩ ስለ ጥፋተኛው ብዙ ተወራ። ዓይን ሐኪሙ ቢሮ፣ ኩባንያው፣ ኤጀንቱ፣ እኛ። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነበር። አቶ ደስታ ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ታክሲ የነዳ ሰው አይታለልም። ፕላኖቹን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠው አይተዋል። ከሁሉ ለእሳቸው የማይሆነውን እንዴት መረጡ? ለክትትል ሲመጡ ጠየቅኳቸው።

«አቶ ደስታ፣ ካላስቸገርኩዎ፣ ይሄን ፕላን ለምን መረጡት?»

በደህናው ዓይናቸው አዩኝ፤ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ መስሏቸዋል። «ተቀናሹ ከሁሉም ትልቁ እሱ ነበራ!»

ቆይቼ ነው የገባኝ። ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሰው በዓመቱ ከራሱ የሚከፍለው አለ። እንግሊዝኛው ዲዳክትብል ይለዋል። ኤጀንቶቹ ተቀናሽ ብለው ተርጉመውታል፤ እኛም በዚሁ መስተዋት ጀርባ ተቀናሽ ስንል ኖረናል፤ ቃል በቃል ትክክል ነው። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ግን ተቀናሽና ቅናሽ ወንድማማች ናቸው። ሱቅ በር ላይ ታላቅ ቅናሽ የሚል አይቶ ትንሹ ቅናሽ ወዳለበት የሚሄድ ማን አለ? አቶ ደስታ አስበው፣ አወዳድረው፣ ትልቁን መርጠዋል።

ለሚስ ሎሬታ ልነግራት ሄድኩ። ስልክ እየጠበቀች ፒካን ትሰብራለች።

«ቃሉ በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

«ሱቅ ዋጋ ሲያወርድ የሚለጥፈው ዓይነት ነው የሚመስለው።»

«ሴል?»

«ሴል።»

ፒካኑን አስቀመጠችው። «ካርዱን በሁለቱም በኩል አነበብኩት» አለች። ከዚያ ስልኩን፣ ያን ሁሉ ከጠበቀች በኋላ፣ ዘጋችው። እንዲህ ስታደርግ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ትእዛዝ ሰጠችኝ። ቃሉን ተይው፣ ሌላ ፈልጊ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነዚህ አለችኝ፣ ወደ መጠበቂያው ክፍል በአገጯ እያሳየች። እኔም በየቀኑ ለሚመጡት ነገሩን አስረድቼ ምን እንበለው እያልኩ እጠይቅ ጀመር። ክፍሉ ሞቅ አለ።

«ቀብድ በሉት» አለ አንድ ባለጋራዥ።

«ቀብድማ ከዋጋው ይታሰብልሃል» አለችው አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት። «ይሄ የት ይታሰብልሃል?»

«እንግዲያው ጉቦ በሉት።»

«አፍህን ዝጋ፣ ዶክተሩ ይሰማሉ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ዶክተሩ ከውስጥ።

አቶ ደስታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ሁሉም ከተናገረ በኋላ፣ «ደፍ በሉት» አሉ።

ሰላም በቅርቡ የተቀጠረች፣ በልጅነቷ የመጣች ናት። «ደፍ ምንድን ነው ጋሼ? ላይክ፣ ድፍን?» አለች።

«በር ስር ያለው ነው ልጄ። እሱን ሳትሻገሪ ቤት አትገቢም። ደፉ ዝቅ ያለ ከሆነ ሽማግሌም ይሻገረዋል። ከፍ ያለ ከሆነ ውጪ ትቀሪያለሽ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እኔ ደፉ ላይ ነው የቀረሁት።»

ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደፍ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሁለት ኤጀንቶች ሳይቀሩ እንደዚያ ይላሉ፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሚስ ሎሬታ ጡረታ ከመውጣቷ በፊት አንድ ልማድ ጨመረች። ለማንም ካስረዳን በኋላ ገባዎት ወይ አንልም፤ ገባኝ የማይል ሰው የለም። «ለእኔ መልሰው ይንገሩኝ» እንላለን። መጀመሪያ ሰዎች እንደ ፈተና ቆጥረውት ይቀየማሉ። እኔ ግን ይህን ያህል የሚስብ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አንድ ዓይነት ነገር ለሁለት ሰው ነግሬ ሁለት ዓይነት ነገር ሲመለስልኝ፣ ሁለተኛው ከየት መጣ እያልኩ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።

አቶ ደስታ በሚቀጥለው ምዝገባ ደፉ ዝቅ ያለ ፕላን ያዙ። የቀኝ ዓይናቸው መርፌ ተጀመረ፤ ያለማቋረጥ ከቀጠለ ይተርፋል ተባለ። ከተቋረጠ ግን የግራው ዕጣ ይደርሰዋል። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።

ዘንድሮ መንግሥት ለወርሃዊው ክፍያ ይሰጥ የነበረው እርዳታ ቀነሰ። ብዙ ሰው ካርዱን ተወ፤ መጠበቂያው ክፍል ሳሳ። ዶክተሩ አንድ ቀን ስብሰባ ጠርተው ከገበያው ፕላኖች ሁሉ ልንወጣ ነው አሉ። ሰላም ተነሥታ «እና አቶ ደስታ?» ብቻ አለች። ዶክተሩ ስብሰባውን በዚያው በተኑ። በሳምንቱ ከጥቂቶቹ ጋር ለመቆየት ወሰኑ። የአቶ ደስታ ፕላን ከወጣንባቸው አንዱ ሆነ። ሌላ መፈለግ ነበረባቸው፤ እኛንም ዓይን ሐኪሙንም የሚቀበል፣ ደፉም ዝቅ ያለ። አንድ ተገኘ። ምዝገባው የሚዘጋው በእኔ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ የቀረው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ለዚህ ነው ኬኩን ማንም ያልቆረሰው።

ሚስ ሎሬታ ከቦርሳዋ ሁለት ፒካን አወጣች። ሁለቱን በመዳፏ ይዛ ጨመቀች። ቀጭ አለ።

«የኔ እመቤት፣ ለእኔም አንድ» አሉ አቶ ደስታ። ሚስ ሎሬታ አማርኛ ባትሰማም እጃቸውን አይታ ሰጠቻቸው።

ሙዚቃው ቆመ። ሰላም ቀና አለች። ስም ጠየቀች፤ ፊደሉን አስደገመች። ፕላኑን፣ የዓይን ሐኪሙን ስም፣ መርፌውን ነገረች። አዳመጠች። አውራ ጣቷን አነሣችልን።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ተመስገን» ብለው ወደ ወንበሩ ዞሩ። ሚስ ሎሬታ አልተንቀሳቀሰችም። እኔም የመጨረሻውን ጥያቄ ጠበቅኩ።

«በየትኛው አድራሻ?» አለች ሰላም።

መልሱን አዳመጠች። አውራ ጣቷ ወረደ። «ደንዉዲ ኖ ነው?» አለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መልሰው ቆሙ፤ አቶ ደስታ እስካሁን የታከሙት ደንዉዲ ነው። «ሌላኛው ቢሮስ? ሚድታውን ያለው። ቼክ ያድርጉልኝ፤ እጠብቃለሁ።» እንደገና ሙዚቃ። አቶ ደስታ ፒካኑን ሳይበሉት በመዳፋቸው ይዘዋል።

ከዚያ፣ «ሚድታውን የስ? መርፌውም? ፈቃዱስ?» ጻፈች። አመሰገነች፤ ስልኩን ዘጋች።

«ሚድታውንን በአንድ ዓይንም አውቀዋለሁ» አሉ አቶ ደስታ።

«የምነዳው እኔ ነኝ» አሉ ባለቤታቸው። «አንተ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።»

«መንገዱን ላሳይሽ ነው እንጂ።»

«ጋሼ፣ አሁን ለእኔ ይንገሩኝ» አለች ሰላም። «ይሄ ካርድ ምን ያደርጋል?»

አቶ ደስታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መርፌው ሚድታውን ነው፣ ደንዉዲ አይደለም። ደፉ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱን ከራሴ እከፍላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እነሱ ናቸው። ገንዘቡን ጮክ ብለው ከጠሩት...» ቆም አሉ። «ከጠሩት አልወጣም። ለአንቺ እደውላለሁ።»

ሰላም ምዝገባውን ጨርሳ አስፈረመቻቸው።

ዶክተሩ እጆቻቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እንግዲህ ወይዘሮ ወርቅነሽ» ብለው ጀመሩ። በዚህ መሃል የውጪው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ገባች። በአማርኛ «አዲስ ነኝ» ብላ ካርዷን በመስተዋቱ ስር አሳለፈች። ዶክተሩ ንግግራቸውን አቆዩት።

ሰላም ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችው።

ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ወጣሁ።